ጠቅ ብሎ ዝም ሲል፦ 30 ሰከንድ መጠበቅ ወይስ ወዲያው ማቀባበል?

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የሠርግ ካርድ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። ሰሞኑን ግን አዲስ ዓይነት ሥራ መጣ። አንድ የፖሊስ አሰልጣኝ ለሠልጣኞቹ የሚያድለውን ማስታወሻ በእጁ ጽፎ አመጣ። «ተይቢልኝ፣ ሥዕሎቹንም አስተካክይልኝ» አለኝ። ሚስጥር የሚባል ነገር የለበትም። መሣሪያ በተኩስ መሀል ሲነክስ፣ ጥይት ሲከሽፍ፣ ቀለህ አልወጣ ሲል ምን እንደሚደረግ የሚያስረዳ ነው።

እኔ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የማየው ባንክ በር ላይ በሚቆሙት ጥበቃዎች ትከሻ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እንደማንኛውም ጽሑፍ ዝም ብዬ ስተይብ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን መቀጠል አቃተኝ።

3ኛው ገጽ «ምላጭ ስበህ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፣ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሳ 30 ሰከንድ ጠብቅ» ይላል። 5ኛው ገጽ ደግሞ «ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ወዲያው ካዝናውን ከታች ምታ፣ አቀባብል፣ ቀጥል» ይላል። ምልክቱ አንድ ነው። ትእዛዙ ግን ተቃራኒ ነው። አሰልጣኙ ተሳስቶ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ልጠይቀው ብደውል ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ነው።

ሌላም አለ። 6ኛው ገጽ ላይ «ድምፁ ደከም ካለ ቁም!» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ደጋግሞ አስምሮበታል። ምክንያቱን ግን አልጻፈም። ቀጥሎ ደግሞ ባዶ ቀለህ ከመሣሪያው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመበት ሥዕል አለ። እሱም ለምን እንደዚያ እንደሆነ አይገልጽም።

ይሄን ወረቀት የሚያነቡት መሣሪያ ገና የሚለማመዱ ልጆች ናቸው። አንድ መስመር ቦታውን ቢስት የሰው አካል ነው የሚጎዳው። ሳይገባኝ ማተም አልፈልግም። የምታውቁ በቀላሉ አስረዱኝ። «ምን አገባሽ፣ የታዘዝሽውን ተይቢ» የሚል መልስ ግን አትስጡኝ።


የድሮ ሳጅን መለሰ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እንዲያውም ብዙ ሠልጣኝ መጠየቅ ሲገባው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ነገር ነው። አሰልጣኙ አልተሳሳተም። 3ኛው ገጽ ስለ ተኩስ ሜዳ ነው የሚያወራው። 5ኛው ገጽ ስለ አደጋ ቦታ ነው። የጎደለው ይሄን የሚለይ አርእስት ብቻ ነው። በደንብ እንዲገባሽ ግን ከሥሩ ልጀምር።

ፖሊስ ውስጥ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት መሣሪያ በማስተማር ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቤቴም ከራስ መኮንን ድልድይ ሩቅ አይደለም። የታዘብኩትን ልንገርሽ። ትእዛዙን ብቻ የሸመደደ ሠልጣኝ መሣሪያው ሲነክስበት ትእዛዙም አብሮ ይጠፋዋል። ውስጡ ምን እንደሚካሄድ የገባው ልጅ ግን ቢደነግጥም እጁ ትክክለኛውን ነገር ይሠራል።

አንድ ጥይት ሲተኮስ መሣሪያው 8 ሥራ ይሠራል። የካዝናው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ ያቀርባል። መዝጊያው ወደ ፊት ሲሄድ ጥይቱን ገፍቶ ከበርሜሉ ኋላ ያለውን ጓዳ ያጎርሰዋል። ከዚያ ይቆለፋል። ምላጩ ሲሳብ መርፌው የቀለሁን መቀመጫ ይመታል። እዚያ ያለችው መለኮሻ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፣ እርሳሱም፣ ማለትም የሚወነጨፈው የጥይቱ ጫፍ፣ ይወጣል። ከዚያ መዝጊያው ይፈታል። ባዶውን ቀለህ በጥፍሩ ይዞ ይጎትታል። በጎን በኩል ወደ ውጭ ይወረውረዋል። በመጨረሻም መምቻውን ለሚቀጥለው ተኩስ መልሶ ይወጥራል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው በዓይን ጥቅሻ ነው። ጉልበቱም የሚመጣው ከተተኮሰው ጥይት ራሱ ነው። መሣሪያው ነከሰ ስንል ከእነዚህ 8 ሥራዎች አንዱ ሳይፈጸም ቀርቷል ማለት ነው። ጥያቄው የትኛው ነው የሚለው ነው።

ከሁሉም የሚበዛው ከካዝና የሚመጣው ነው። ካዝናው በደንብ ሳይቆልፍ ይቀራል። አፉ ወድቆ ይጣመማል። ሞላው ይደክማል። አቧራ ወይም ጭቃ ይገባበታል። ያኔ መዝጊያው ባዶውን ሄዶ ይዘጋል፣ ምላጭ ሲሳብ ጠቅ ብቻ ይላል። 5ኛው ገጽ «ካዝናውን ከታች ምታ» የሚለው ለዚህ ነው፤ በደንብ ያልገባ ካዝና ገብቶ እንዲቆልፍ ነው። እዚህ ላይ ግን ሥዕሉን እይው። ሽጉጥ ከሆነ ትክክል ነው። ክላሽ ከሆነ የክላሽ ካዝና ቀጥ ብሎ ከታች አይገባም። መጀመሪያ የፊቱ ጫፍ ይነከሳል፣ ከዚያ ኋላው ወደ ላይ ተስቦ ቀጭ ይላል። ስለዚህ ክላሽ ላይ መምታቱ ብቻ አይበቃም። ካዝናውን ጨብጦ ወዲያና ወዲህ አነቃንቆ መያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እኔ ሁልጊዜ ሠልጣኞቼን ካዝናቸው ላይ ቁጥር አስጽፋቸው ነበር። ሁለቴ የነከሰው ያው ቁጥር ከሆነ ችግሩ ከጠመንጃው አይደለም ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ካዝና ግን ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀልና ጥፋተኛው አይታወቅም።

ጥይቱ ገብቶም ላይፈነዳ ይችላል። እርጥበት ያገኘው ጥይት፣ ዘይት የጠጣች መለኮሻ፣ ጫፏ የተሰበረች መርፌ። ያኔም ድምፁ ያው ጠቅ ነው። ክላሽ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጠቅ አለ። ክላሽ የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ መዝጊያው ተከፍቶ አይቆምም፣ ባዶውን ይዘጋል። ማካሮቭ ሽጉጥ ግን 8ኛውን ጥይት ሲጨርስ ከላይ ያለው ክፍል ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል፤ ባዶ መሆኑን በዓይንሽ ታይዋለሽ። ክላሽ የያዘ ልጅ 30 ጥይቱን ጨርሶ ጠቅ ሲልበት ነከሰ ብሎ ደጋግሞ የሚያቀባብለው ለዚህ ነው።

የቆመው ቀለህ ቀላሉ ችግር ነው። ተተኩሷል፣ ቀለሁ ተጎትቶ ወጥቷል፣ ግን ሳይወረወር መዝጊያው ተመልሶ መውጫው ላይ ነከሰው። ቀጥ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ደካማ ጥይት፣ ቆሻሻ፣ ወይም ያለቀ ጥፍር ሊሆን ይችላል። ሽጉጥ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሠልጣኙ እጅ ነው። አንጓው ላላ ብሎ ከያዘው ሽጉጡ በሙሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ላዩ ክፍል መጓዝ ያለበትን ርቀት አይጓዝም። አጥብቆ መያዝ ብቻውን ይፈታዋል።

ከባዱ ድርብ ጉርሻው ነው። ባዶው ቀለህ ከጓዳው ሳይወጣ አዲስ ጥይት ከኋላው መጥቶ ይጣበቃል። እዚህ ላይ መትቶ ማቀባበል ነገሩን ያብሰዋል። ሽጉጥ ከሆነ ላዩ ወደ ኋላ ተስቦ ይቆለፋል፣ ካዝናው በኃይል ተነቅሎ ይወጣል፣ ባዶውን ደጋግሞ ይቀባበላል፣ ጓዳው ጥርት ማለቱ ይታያል፣ ከዚያ ነው ካዝና ተመልሶ የሚገባው። ክላሽ ላይ ወደ ኋላ ቆልፎ የሚይዝ ነገር ስለሌለ ቀጥታ ካዝናውን መንቀል ነው።

ቀለህ አልወጣ ማለት ምን ያህል ሰው እንደሚያስጨርስ ማየት ከፈለግሽ የአሜሪካኖቹ ኤም-16 ታሪክ አለልሽ። ቬትናም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ወታደሮቹ ውጊያ መሀል ቀለህ ጓዳው ውስጥ እየቀረባቸው በመወልወያ ዘንግ ከፊት በኩል እየገፉ ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ መርምሮታል። የጥይቱ ባሩድ ዓይነት ተቀይሮ ነበር። ጓዳው ክሮም አልተቀባም። ለወታደሩም በቂ የማጽጃ ዕቃ አልተሰጠውም ነበር። ወታደሩ ጥፋት አልነበረበትም። ይሄን የምለው «ነከሰበት» ሲባል ወዲያው ሠልጣኙ ላይ የሚጮኽ አሰልጣኝ ስላለ ነው። መጀመሪያ ጥይቱን፣ ካዝናውንና ጽዳቱን ማየት ያስፈልጋል።

«ክላሽ አይነክስም» የሚባለውን ደግሞ አትመኚ። ክላሽ ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ውስጡ ሰፋ ብሎ የተሠራ ስለሆነ አቧራ ይችላል። ጥይቱም ወደ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ከጓዳው በቀላሉ ይወጣል። የተጣመመ ካዝና ወይም የረጠበ ጥይት ከሰጠሽው ግን እሱም ይነክሳል።

አሁን ወደ 30 ሰከንዱ። አንዳንዴ መለኮሻዋ ትመታና ባሩዱ ዘግይቶ ይያዛል። መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው፤ በዛሬ ጥይት ላይ ደግሞ ብርቅ ነው። ቢሆንም በዚያች ቅጽበት መዝጊያውን ከከፈትሽው ጥይቱ የሚፈነዳው የሚይዘው ብረት በሌለበት ነው። የቀለሁ ቁርጥራጭ ፊት ላይ ይመጣል። ተኩስ ሜዳ ላይ ከፊትሽ ያለው ካርቶን ነው፣ የሚያቻኩል ነገር የለም። ስለዚህ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ፣ ጣት ከምላጭ ወጥቶ፣ 30 ሰከንድ ይጠበቃል። የሚተኩስብሽ ሰው ካለ ግን 30 ሰከንድ ቆሞ መጠበቅ መሞት ነው። ያኔ ብርቅ የሆነውን አደጋ ተቀብለሽ ወዲያው ታቀባብያለሽ፤ ከተቻለ መጀመሪያ ግንብ ወይም የመኪና ሞተር ከለላ አድርገሽ።

ቀዩ መስመር ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው፤ አሰልጣኙን አመሰግነዋለሁ። አንዳንድ ጥይት ባሩድ ሳይኖረው ወይም ባሩዱ ረጥቦ ይመጣል። መለኮሻዋ ብቻዋን እርሳሱን ትገፋውና በርሜሉ መሀል ላይ ትተወዋለች። ድምፁ ፑፍ የሚል ነው፣ ትከሻ ላይም ምት የለውም። ጉልበት ስለሌለው መሣሪያው ራሱ አያቀባብልም። ለሠልጣኙ የሚመስለው ተራ ንክሻ ነው። እጁ ደግሞ መትቶ ማቀባበልን ለምዷል። ሳያስበው ያቀባብላል፣ አዲስ ጥይት ይገባል፣ ምላጭ ይስባል። በርሜሉ ግን ተዘግቷል። ሊያብጥ ወይም ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ለ5ኛው ገጽ ያሠለጠንነው እጅ እዚህ ላይ ይገድለዋል። ስለዚህ ደካማ ድምፅ ሲሰማ ሁሉ ነገር ይቆማል። ጥይቱ ይራገፋል። ባለሙያ በርሜሉን በዘንግ እስኪያየው ድረስ ያ መሣሪያ አይተኮስም።

በተቻለሽ መጠን ይሄን ማስጠንቀቂያ ከ5ኛው ገጽ ጋር እዚያው አስጠጊው። በሌላ ገጽ ሲሆን ልጆቹ አያገናኙትም። ግን በራስሽ አትቀይሪው። በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቅዳሜ ሲመጣ አሳዪው።


የአራዳዋ ኮንስታብል መለሰች፦

ጋሽ ሳጅን ሁሉንም ብለውታል። እኔ ከሠልጣኝ በኩል ያለውን ልጨምር።

ስልጠና ላይ አሰልጣኛችን ካዝናችንን ራሱ ይሞላው ነበር። ከእውነተኛው ጥይት መሀል የማይፈነዳ የልምምድ ጥይት ይቀላቅልበታል። የትኛው ላይ እንደሚመጣ አናውቅም። ሲመጣ ጠቅ ይላል። ያኔ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ትእዛዙን እናስታውሳለን ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን የበለጠ ያስተማረን ነው። ጥይቱ ሳይፈነዳ የብዙዎቻችን አፈሙዝ ወደ ታች ጎንበስ ይል ነበር። ድምፁን ፈርተን ቀድመን እየገፋነው ነው ማለት ነው። እውነተኛ ጥይት ሲሆን ምቱ ይሸፍነዋል፤ በባዶው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጸሐፊዋ፣ ማስታወሻው ላይ ስለ ልምምድ ጥይት ካለ እንዳትዘዪው።

ሌላው፣ ንክሻ ሲመጣ ትልቁ አደጋ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ውስጥ ያለው አይደለም። ሠልጣኙ ዞሮ ማሳየቱ ነው። አብራን የነበረች አንዲት ልጅ ክላሿ ሲነክስባት «ነከሰብኝ» ብላ ወደ አሰልጣኙ ዞረች። አፈሙዙም አብሯት ዞረ። ጎኗ የነበርነው ሁላችንም መሬት ላይ ተዘረጋን። አሰልጣኙ አልጮኸባትም። ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ኢላማው መለሳት። ከዚያ ለሁላችን ደግሞ አስረዳን። መሣሪያው እምቢ ካለ ሰውነት አይዞርም፣ አፈሙዝ አይነሳም። ግራ እጅ ብቻ ይነሳል፣ ሰው መጥቶ ያያል። ጓዳው ውስጥ ጥይት ሊኖር ይችላል፤ የነከሰ መሣሪያ ባዶ መሣሪያ አይደለም። ይሄ ማስታወሻው ላይ ከሌለ አሰልጣኙን ጠይቂው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።


የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ፦

እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ማስታወሻውን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። 3ኛው ገጽ ጥግ ላይ በትንሹ «ሜ» የሚል ፊደል አለ፣ 5ኛው ላይ ደግሞ «አ»። ለራሱ ምልክት ያደረገው መሆን አለበት። ሜዳና አደጋ ነው ማለት ነው። አርእስት አድርጌ አወጣዋለሁ፣ እሱ ካጸደቀው።

እጅ ስለማንሳቱ ተጽፏል፤ ግን መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። የልምምድ ጥይትም አለ። 5ኛው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ሽጉጥ ነው፣ የክላሽ ሥዕል የለም።

ሁለት ነገር አገኘሁ፣ እዩልኝ። አንደኛ፣ የማቀባበሉ ሥዕል ላይ የሰውየው ጣት ምላጩ ውስጥ ነው። የሳለው ሠልጣኝ ይሁን ራሱ አሰልጣኙ አላውቅም። እንደገና ልሳለው? ሁለተኛ፣ የድርብ ጉርሻው ገጽ ላይ ቅደም ተከተሉ «አቀባብል፣ ካዝናውን ንቀል» ይላል። እናንተ ከነገራችሁኝ ጋር አይሄድም።


የፈረቃ ኃላፊ ጠየቀ፦

ይቅርታ፣ በእህታችን ጥያቄ ላይ ልግባ። እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ ሕንፃ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በድርጅቱ ስም ፈቃድ ያለው ነው። የፖሊስ አሰልጣኝ አንድ ጊዜ መጥቶ አስተምሮናል፣ ግን ስለ ንክሻ ብዙ አልነገረንም።

እኛ ጋ መሣሪያው አይተኮስም ማለት ይቻላል። ሥራው መያዝ ነው። ክረምት ዝናብ ይመታዋል፣ በጋ አቧራ ይጠጣል። ፈረቃ ሲቀየር ሁልጊዜ ጥይቱ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ተረካቢው መልሶ ያጎርሳል። አንድ ልጅ ጥይቶቹን ሲያሳየኝ የአንዷ መለኮሻ ላይ ትንሽ ጭረት የመሰለ ነጥብ አለ። ተኩሰሃል ወይ ብለው ማለ፣ አልተኮሰም። ይሄ ከየት ይመጣል?

ሌላው፣ አንድ አሮጌ ሲሞኖቭ ጠመንጃ አለን። ከመጋዘን ሲመጣ በግራሶ ተለውሶ ነበር። ከላይ ከላዩ ጠርገን ነው የያዝነው። ችግር አለው?


የድሮ ሳጅን መለሰ፦

ለጸሐፊዋ ላስቀድም። ጣቱን እንደገና ሳዪው፣ እሱን አሰልጣኙም ሳያመነታ ይቀበልሻል። ሲያቀባብሉ ጣት ከምላጩ ውጭ፣ በጎን በኩል ብረቱ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ሥዕል ከጽሑፍ ይበልጣል፤ ልጆቹ ያዩትን ነው የሚደግሙት።

ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል። ካዝናው ሳይነቀል ብታቀባብይ ሌላ ጥይት ከታች ይመጣል። መጀመሪያ ካዝና፣ ከዚያ ማቀባበል። መሣሪያ ሲራገፍም ሕጉ ይኸው ነው። ስንት ሰው ያቀባብልና ጥይት ሲወጣ አይቶ፣ ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ይላል። ጓዳው ግን ሁለተኛውን ጥይት ጎርሷል። ቤት ውስጥ ሲጸዳ ባረቀ የሚባለው ብዙው አደጋ ከዚህ ይመጣል። በዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት ካለብሽ አንሺ።

የክላሹን ሥዕል ጉዳይ ለአሰልጣኙ ንገሪው። ልጆቹ በክላሽ ከሆነ የሚተኩሱት የሽጉጥ ሥዕል ብቻውን አይበቃቸውም።

ወንድሜ የፈረቃ ኃላፊ፣ ልጁ እውነቱን ነው። ክላሽም አብዛኛው ሲሞኖቭም መርፌያቸው በሞላ አልተያዘችም፣ ልቅ ናት። መዝጊያው በኃይል ሲዘጋ መርፌዋ በራሷ ወደ ፊት ትሄድና መለኮሻዋን ነካ ታደርጋለች። ያቺ ነጥብ ከዚያ ነው የመጣችው። አንድ ጊዜ ምንም አይደለም። የእናንተ ጣጣ ግን ያቺኑ ጥይት በየፈረቃው መልሳችሁ ማጉረሳችሁ ነው። ደጋግማ ስትጎርስ ሁለት ነገር ይመጣል። መለኮሻዋ በተደጋጋሚ ትመታለች። እርሳሱም እየተገፋ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። የሰጠመ እርሳስ ያለው ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ የነበረችውን ጥይት ካዝናው ውስጥ ወደ ታች አድርጓት፣ ሌላዋ ተራዋን ትውሰድ። ከጎረቤቷ ጎን አቁማችሁ ለኩዋት። አጥራ ከተገኘች ለይታችሁ ለሚመለከተው አስረክቡ። መልሳችሁ እንዳታጎርሷት። የሕንፃው ሥራ ጥይት ጎርሶ መቆምን የማይጠይቅ ከሆነ ደግሞ ካዝናው ተሞልቶ ጓዳው ባዶ ሆኖ መያዝ ይቻላል። እሱን ከድርጅቱና ካሠለጠናችሁ ፖሊስ ጋር ተነጋገሩበት።

የክረምቱ ጉዳይ፣ ከዝናብ የተመለሰ መሣሪያ የዚያኑ ዕለት ይደርቃል፣ ይወለወላል፣ ስስ ዘይት ይነካል። ዘይት ማብዛት አይረዳም። በጋ ሲመጣ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆናል። ጥይቱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ዘይት አይነካም።

ሲሞኖቩ ነው ያስጨነቀኝ። ግራሶው ከውጭ ቢጠረግም መዝጊያው ውስጥ፣ የመርፌዋ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል። ሲደርቅ መርፌዋን ወደ ፊት እንደወጣች ያስቀራታል። ያኔ ጥይት ሲጎርስ፣ ማንም ምላጭ ሳይነካ መሣሪያው ይተኩሳል። ተከታትሎም ሊተኩስ ይችላል። ፈረቃ ስትቀያየሩ፣ ቸርችል ላይ፣ ሰው እየተላለፈ ማለት ነው። ጤነኛ ከሆነ መዝጊያው ለብቻው ወጥቶ ሲወዘወዝ መርፌዋ ውስጡ ወዲያና ወዲህ ስትሄድ ትሰማለች። ይሄን የሚያየው የመሣሪያ ባለሙያ ነው፣ እናንተ አትፍቱት። ባለሙያው ፈቶ፣ አጥቦ፣ መርፌዋ ልቅ መሆኗን አረጋግጦ እስኪመልሰው ድረስ ጥይቱን ለይታችሁ ቆልፉበት። ዛሬ ማታ ለሚገባው ፈረቃ አትስጡት፣ ሌላ መሣሪያ ከሌለም ያለ መሣሪያ ይቁም።